«ለምን እኔ ተረፍኩ?» ያልኩት ጸሎት

እግዚአብሔር ያደረገልኝን ልመስክር። ብዙ ዓመት ዝም ብያለሁ።

ከጦር ሜዳ እጅ እግሬ ሳይጎድል ተመለስኩ። አንድ ሌሊት ምሽግ ውስጥ ጓዴ «ቦታ እንቀያየር» አለኝ። ተቀያየርን። ብዙም ሳይቆይ ከባድ መሣሪያ ወደቀ። እሱ አልተነሳም።

ከዚያ በኋላ ጸሎቴ አንድ ብቻ ሆነ፦ «ለምን እኔ ተረፍኩ?» በር በኃይል ሲዘጋ ልቤ ይቆማል። እንቅልፍ የለም። መልስም የለም።

አንድ ወዳጄ ስለ ኦስትሪያዊው ፈላስፋ ሉድቪግ ቪትገንሽታይን አጫወተኝ። እኔ ፍልስፍና የተማርኩ ሰው አይደለሁም። ግን የዚህ ሰው የጦር ሜዳ ማስታወሻ ያዘኝ።

እ.ኤ.አ. በ1914 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲጀመር፣ በሕመም ምክንያት ከውትድርና ነፃ የነበረ ሰው ነው። በፈቃዱ ዘመተ። ታርኖቭ በምትባል ከተማ የሩሲያው ደራሲ ቶልስቶይ ወንጌልን አሳጥሮ የጻፈበትን መጽሐፍ ገዛ። ከእጁ ስለማይለየው ወታደሮቹ «ባለ ወንጌሉ» ይሉት ጀመር። በ1916 ግንባር ሲደርስ ደግሞ ጠላትን ፊት ለፊት የሚቃኙበትን፣ አደገኛውን ቦታ ራሱ ጠይቆ ያዘ። ሞት ሲቀርበው የሕይወት ብርሃን ይበራለት እንደሆነ ብሎ ነው።

ደብተሩን ብታዩት ይገርማል። በቀኙ ገጽ ሎጂክ፣ ማለትም ስለ ትክክለኛ አስተሳሰብ ሕግ፣ ይጽፋል። በግራው ገጽ ፊደሉን ከኋላ ወደ ፊት ገልብጦ፣ ሌላ ሰው እንዳያነበው፣ ፍርሃቱንና ጸሎቱን ይጽፋል። በሰኔ 1916 ጠላት የነበረው የሩሲያ ጦር በጄኔራል ብሩሲሎቭ መሪነት ትልቁን ማጥቃት ጀመረ። በዚያው ወር ስለ ሎጂክ በሚጽፍበት ገጽ ላይ ስለ እግዚአብሔርና ስለ ሕይወት ዓላማ መጠየቅ ጀመረ። መጸለይ ማለት ስለ ሕይወት ትርጉም ማሰብ ነው ብሎም ጻፈ።

ጦርነቱ ፈላስፋ አደረገው ብዬ አላምንም። ሎጂኩን ከጦርነቱ በፊት ጀምሮታል። ጦርነቱ የጻፈውን መጽሐፍ መጨረሻ ነው የለወጠው። በ1921 የታተመው ይህ መጽሐፍ፣ «ትራክታተስ»፣ ስለ ዓረፍተ ነገርና ስለ ሎጂክ ሲናገር ቆይቶ፣ መጨረሻው ላይ ስለ ሞትና ስለ ሕይወት ትርጉም ያነሳል። የሳይንስ ጥያቄ ሁሉ ቢመለስ እንኳ የሕይወት ጥያቄያችን ገና አልተነካም ይላል። ይህን እሳት ውስጥ ያልገባ ሰው እንዲህ አይጽፈውም። እኔ እንዲህ ነው የማምነው።

እኔን የሰበረኝ ግን አንድ አጭር ማስታወሻ ነው። በሐምሌ 1916 ተተኩሶበት ነበር። ፈራሁ፣ ሞትን ፈራሁ፣ መኖር እፈልጋለሁ ብሎ ጻፈ። አደገኛውን ቦታ ለምኖ የወሰደ፣ ለጀግንነቱም የተሸለመ ሰው ነው ይህን የጻፈው።

የዚያን ሌሊት ተንበረከክሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ «ለምን» አላልኩም። «ጌታ ሆይ፣ ፈርቼ ነበር። የእኔ ቦታ የባሰ ነበር። እንቀያየር ሲለኝ ደስ አለኝ» አልኩ። ይህን ለሰው ቀርቶ ለእግዚአብሔርም ነግሬው አላውቅም ነበር። አለቀስኩ። ከዚያ ተኛሁ። የነቃሁት ፀሐይ ወጥታ ነው። ከስንት ዓመት በኋላ!

ጥያቄዬ አልተመለሰልኝም። ግን ጉሮሮዬን መያዙን ተወ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዛሬ እተኛለሁ፣ እጸልያለሁ።

ከሳምንት በኋላ የጓዴ እናት ዘንድ ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ደስ ያለኝን ጭምር። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ።

«እሱ ነው እንቀያየር ያለህ?» አሉኝ።

«አዎ፣ እማማ።»

«ልጅ ሆኖም እንዲሁ ነበር» አሉና እጄን ያዙኝ።