ኩባንያው ተዘጋ፣ 401ኬው ግን የት ገባ?

ዓርብ ከሰዓት ነበር፣ ኦክቶበር 2023። የማሽኖቹ ድምፅ ባንዴ ጸጥ አለ። ሱፐርቫይዘሩ ምሳ ክፍል ሰበሰበንና "ሰኞ አትምጡ" አለን። በቃ፣ ይኸው ነው። እዚህ ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ለሆቴሎች አንሶላና ፎጣ የሚያጥብ ኩባንያ ነበር። 11 ዓመት ሠርቼበታለሁ።

ከሥራው ይልቅ ያስደነገጠኝ 401ኬው ነው፣ ከደመወዛችን እየተቆረጠ የሚጠራቀመው የጡረታ ቁጠባ። ሥራ ይገኛል። እዚያ ውስጥ ግን 38,000 ዶላር ገደማ ነበረኝ። ፓርኪንጉ ላይ ቆመን ሁላችንም "ውሃ በላው" እየተባባልን ነበር። ጋሼ የምንላቸው የ63 ዓመት አባት ደግሞ "እኔስ መጀመሪያውኑ ላም አለኝ በሰማይ ነው ብያችሁ ነበር" አሉ።

ተሳስተን ነበር። ይህን እስካውቅ ግን ሦስት ሳምንት እንቅልፍ አልነበረኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤሪሳ የሚባል የ1974 የፌዴራል ሕግ አለ። በዚህ ሕግ መሠረት 401ኬ ውስጥ የገባ ገንዘብ የኩባንያው ሀብት አይደለም። ለብቻው በአደራ የተቀመጠ የሠራተኛው ገንዘብ ነው። ኩባንያው ቢከስር ባንኩም፣ አከራዩም፣ ሳሙና አቅራቢውም አይነኩትም። የዕድር ገንዘብ ያዥ ሱቁ ቢከስር አበዳሪው የዕድሩን ሣጥን ይዞ አይሄድም አይደል? እንደዚያ በሉት። (ገንዘቡ በሌላ መንገድ አይጠፋም ማለት ግን አይደለም። ኤንሮን የሚባለው ትልቅ የኢነርጂ ኩባንያ በ2001 ሲወድቅ ብዙ ሠራተኞች የጡረታ ቁጠባቸው የተነነው አበዳሪ ወስዶባቸው አይደለም። ቁጠባቸው በራሱ በኤንሮን አክሲዮን ስለነበር ነው። የኛ ኩባንያ አክሲዮን የሚሸጥ ስላልነበር ከዚህ ተርፈናል።)

የገባው ደህና ነው። ጣጣው ያለው ከደመወዝ ተቆርጦ ገና ባልገባው ላይ ነው።

አንድ ማታ የደመወዝ ወረቀቶቼን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋኋቸው። አጠገባቸው ደግሞ ገንዘቡን ከያዘው የኢንቨስትመንት ድርጅት የመጣውን ስቴትመንት አስቀመጥኩ። በየሁለት ሳምንቱ 1,900 ዶላር ነበር የማገኘው፣ 6 በመቶው ማለትም 114 ዶላር ይቆረጣል። በጣቴ እየቆጠርኩ አንድ በአንድ አመሳከርኩ። የመጨረሻዎቹ አራት ደመወዞች ላይ ተቆርጧል፣ ስቴትመንቱ ላይ ግን የለም። 456 ዶላር። ኩባንያው ሊጨምርልን ቃል የገባው 3 በመቶም የለም፣ እሱ ሌላ 228 ነው። ብሩ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ግን ወደ 90 ሰው ነበርን።

በማግስቱ በአሜሪካ የሠራተኛ ሚኒስቴር ሥር ሆኖ የሠራተኞችን ጡረታና ጥቅማጥቅም ወደሚከታተለው መሥሪያ ቤት፣ ኢብሳ ወደሚባለው፣ ደወልኩ፣ በነፃ ስልኩ 1-866-444-3272። ጠበቃ ልያዝ አልያዝ ብዬ ስጨነቅ የነበረ ሰው በአንድ ስልክ ብዙ ነገር ተቃለለልኝ። ያነሳችው ሴት እንዲህ ብላ አስረዳችኝ፦ አሠሪ ከደመወዝ የቆረጠውን ከራሱ ገንዘብ መለየት እንደቻለ ወዲያው ማስገባት አለበት። ቢዘገይ ቢዘገይ ከሚቀጥለው ወር 15ኛ የሥራ ቀን ማለፍ የለበትም። በዚያ ገንዘብ የመብራት ሒሳብ መክፈል የሰው አደራ መብላት ነው፣ ያደረገውም ሰው በግሉ ሊጠየቅበት ይችላል። የደመወዝ ወረቀቶቼን ኮፒ ላኪ አለችኝ። ጋሼም በአስተርጓሚ እንዲያናግሯቸው አደረግን። ስልኩን ሲዘጉ "አንቺ ልጅ፣ ለካ መንግሥት አለ!" አሉኝ።

ከዚያ የፍርድ ቤቱ ደብዳቤ መጣ። ኩባንያው ቻፕተር 7 የሚባለው ኪሳራ ውስጥ ገብቷል። ማለትም ሊያገግም አይሞክርም፣ ያለው ተሸጦ ገንዘብ ላለባቸው ሳይሆን ገንዘብ ለሚጠይቁት ይከፋፈላል። ደብዳቤው ላይ ለክፍፍል የሚሆን ንብረት ስላልታየ ሌላ ማስታወቂያ እስኪመጣ የይገባኛል ቅጽ አታስገቡ ይላል። ብዙዎቻችን እዚህ ላይ ተዘናጋን። "የለም ብለዋል" ተባብለን ተውነው። ከአራት ወር በኋላ ሁለተኛ ፖስታ መጣ፣ ማሽኖቹ ተሸጠዋል፣ እስከዚህ ቀን ድረስ አመልክቱ የሚል። በመሀል ቤት የቀየሩ ሦስት ልጆች ይህን ፖስታ አላዩትም። እኔ ቀጭን ፖስታ ሳይከፈት ፍሪጅ ላይ የሚከማችበት ቤት ነው ያለኝ፣ ለትንሽ ነው ያመለጠኝ።

በፖስታዎቹ መሀል የገንዘብ ጠያቂዎች ስብሰባ ነበር፣ በዙም። ለኪሳራው የተሾመው ትረስቲ፣ ማለትም ንብረቱን ሰብስቦ የሚያከፋፍለው ሰው፣ ይመራዋል። የኩባንያው ኃላፊ በመሐላ ይመልሳል። እኛም መጠየቅ እንችላለን። ልቤ እየመታ እጄን አወጣሁ፦ "ከመስከረም ደመወዛችን የተቆረጠው የት ገባ?" ኃላፊው ትንሽ ዝም አለና "ለሥራ ማስኬጃ" አለ። ትረስቲው ጻፈው። ያቺ አንዲት ቃል በኋላ ብዙ ጠቅማናለች።

ቅጹ ፎርም 410 ይባላል። ክፍያ የለውም፣ ጠበቃም አይፈልግም። እኔ የሚገቡኝን ነገሮች ለያይቼ ጻፍኩ። ያልተከፈለኝ የ72 ሰዓት የዕረፍት ክፍያ 1,710 ዶላር ለብቻው፣ የጡረታው መዋጮ ለብቻው። የኪሳራ ሕጉ፣ ኩባንያው ከመዘጋቱ በፊት ባሉት 180 ቀናት ውስጥ ለተሠራ ደመወዝና ዕረፍት ቅድሚያ ይሰጣል፣ ጣሪያው በኔ ጊዜ ለአንድ ሰው 15,150 ዶላር ነበር፣ ከኤፕሪል 2025 ወዲህ ለገቡ ጉዳዮች 17,150 ሆኗል። የጡረታ መዋጮም ቅድሚያ አለው፣ ግን ከደመወዝ ቀጥሎ ነው የሚመጣው። አንድ ላይ ደምሮ "3,000 ዶላር ይገባኛል" ብሎ የጻፈ ጓደኛችን ማብራሪያ ተጠይቆ ተጉላልቷል።

ትልቁን 38,000 ማውጣት ግን ካሰብኩት በላይ አስለፋኝ። ገንዘቡን የያዘው ድርጅት "የፕላኑ (የ401ኬው) አስተዳዳሪ ይፈርም" ይላል። አስተዳዳሪው ማን ነው? ኩባንያው። ኩባንያውስ? የለም። ሁለት ወር በዚህ ዙሪያ ስሽከረከር ቆየሁ። መልሱ ያው ከኢብሳ መጣ፦ ኩባንያው ራሱ አስተዳዳሪ ከነበረ ያንን ሥራ የኪሳራው ትረስቲ ይረከባል። ለትረስቲው በጽሑፍ ጠየቅን፣ 14 ሰው ፈረምን። ፕላኑ በይፋ ሲዘጋ ደግሞ ያልጠበቅነው ነገር ተገኘ። ፕላን ሲዘጋ ኩባንያው የጨመረው ድርሻ፣ ስንት ዓመት ሠራህ ሳይባል፣ ሙሉ በሙሉ የሠራተኛው ይሆናል። ሁለት ዓመት ብቻ የሠራው ልጅ "የኔማ ተቃጠለ" ብሎ ነበር፣ ሁሉንም አገኘ።

እዚህ ላይ አንድ ወንድማችን ተጎዳ። ዕድሜው 41 ነው፣ አዲስ አበባ ለሚገዛው ቤት ቅድሚያ ክፍያ ፈልጎ ቼኩ በስሙ እንዲጻፍ አደረገ። ከ20,000ው 20 በመቶ ለታክስ ተይዞ 16,000 እጁ ገባ። ታክስ ሲሠራ ደግሞ 59 ዓመት ተኩል ስላልሞላው 10 በመቶ ቅጣት፣ 2,000 ዶላር፣ በመደበኛው ታክስ ላይ ተጨመረበት። በ60 ቀን ውስጥ ገንዘቡን ወደ ጡረታ ሒሳብ መመለስ ይችል ነበር፣ ግን የተያዘውን 4,000 ከኪሱ ሞልቶ ነው። እኔ በቀጥታ አይአርኤ ወደሚባለው የግል የጡረታ ሒሳብ እንዲዛወር አደረግሁ፣ እጄን ሳይነካ።

የተቆረጠው 456 ዶላር በ2024 መጨረሻ በመዘግየቱ ካመለጠው ትርፍ ጋር 471 ሆኖ ገባልኝ። የዕረፍቱ ክፍያ ታክሱ ተቀንሶ ሙሉውን መጣ። ከ228ቱ የኩባንያው መዋጮ 139 ብቻ ነው የተገኘው። ጋሼም የራሳቸውን ወስደው ጎንደር ደርሰው መጡ።

ፖስታው ካመለጣቸው ከሦስቱ አንዱ ቴክሳስ ነው አሉ። ሠራተኛ ሚኒስቴሩ በ2024 መጨረሻ የጠፉ የጡረታ ገንዘቦች መፈለጊያ ድረ ገጽ ከፍቷል። የድረ ገጹን ስም ልኬለታለሁ። በድምፅም ነገርኩት። ሰማያዊ ምልክቱ አይቶታል ይላል፣ መልስ ግን የለም።