ድንበሩ ሦስተኛው አዘጋጅ ነው

ሁለት ጎረቤት አገሮች አንድ ዋንጫ በጋራ እናዘጋጅ ብለው ሲነሡ ወሬው ሁሉ ስታዲየም ስታዲየም ይሆናል። እኔ ከዝግጅት ሰነዱ ቀድሜ የምገልጠው ሌላ ገጽ ነው፤ የትኛው ምድብ የት ይጫወታል? ቡድኖቹ የት ያድራሉ? ድንበሩን ማን፣ ስንቴ፣ በምን ይሻገራል? ለዚህ ከ2012ቱ የአውሮፓ ዋንጫ የተሻለ መማሪያ አላውቅም።

ፖላንድና ዩክሬን ዕድሉን ያገኙት እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 18 ቀን 2007 ካርዲፍ ላይ ነው፤ ጣሊያንን 8 ለ 4 በሆነ ድምፅ ረትተው። ክሮኤሺያና ሀንጋሪ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ክፍፍሉ የተለመደው ነበር። ለእያንዳንዳቸው አራት ከተማ፣ መክፈቻው ለዋርሶ፣ ፍጻሜው ለኪየቭ። ከ31 ጨዋታ 15ቱ ፖላንድ፣ 16ቱ ዩክሬን ደረሰ። ምድብ ሀ እና ሐ ፖላንድ፣ ለ እና መ ዩክሬን ስለተመደቡ በወረቀት ላይ እስከ ሩብ ፍጻሜ ድረስ ድንበር የሚያሻግር ነገር አልነበረም።

ነገሩን ያበላሸው ማረፊያ ነው። ከ16ቱ ቡድኖች 13ቱ ፖላንድ ሰፈሩ። ሆላንድ ሦስቱንም የምድብ ጨዋታ ዩክሬን፣ ካርኪቭ እየተጫወተች የምታድረው ፖላንድ፣ ክራኮው ነበር። እንግሊዝም እዚያው ክራኮው ሆና ለመጀመሪያ ጨዋታዋ ዩክሬን፣ ዶኔትስክ ወረደች፤ በቀጥታ መስመር እንኳ ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በዚያ ላይ የአንድ ሰዓት ልዩነት አለ። የማታው ጨዋታ በዋርሶ አቆጣጠር 2:45፣ በኪየቭ 3:45 ይጀምራል። (በሰኔ የኪየቭ ሰዓት ከአዲስ አበባ ጋር አንድ ነው፤ ለእኛ ተመልካቾች ሒሳቡ ቀላል ነበር።) ከፖላንድ የተነሣ ደጋፊ ይህችን አንድ ሰዓት ከረሳ የመጀመሪያው አጋማሽ አለፈው ማለት ነው።

ባቡሩ ደግሞ ራሱን የቻለ ጉድ ነው። የፖላንድ ሐዲድ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር፣ የዩክሬን 1,520 ነው። ልዩነቱ 85 ሚሊ ሜትር፣ ግማሽ ስንዝር እንኳ አይሞላም። ግን ባቡሩን ያስቆማል። ድንበር ላይ ፉርጎዎቹ ይለያያሉ፤ እያንዳንዱ ተሳፋሪውን እንደያዘ በትልልቅ ክሪክ ከፍ ይደረጋል፤ ጠባቡ የመንኮራኩር ማቀፊያ ከሥሩ ተገፍቶ ይወጣል፣ ሰፊው ይገባል፣ ፉርጎው ቀስ ተብሎ ይወርድበታል። ከፓስፖርት ፍተሻው ጋር ሰዓታት ይበላል። ለዋንጫው ተብሎ ባቡር ቢጨመር አያፋጥነውም፤ ክሪኩ ያው ስለሆነ ሰልፉ ነው የሚረዝመው።

ፍተሻውም ውድድሩን ባሸነፉበት ቀን እንደነበረው አልቆየም። ፖላንድ በዲሴምበር 2007 ሸንገን (አባል አገሮቹ በመካከላቸው የድንበር ፍተሻ ያነሡበት የአውሮፓ ቀጠና) ስትገባ ድንበሩ የሸንገን የውጭ ድንበር ሆነ። የአውሮፓ ኅብረት ዜጋ ወደ ዩክሬን ያለ ቪዛ ይገባ ነበር፤ ዩክሬናዊው ግን እስከ 2017 ድረስ ዋርሶ ለመድረስ ቪዛ ያስፈልገው ነበር። ለአንድ ወገን ክፍት፣ ለሌላው ዝግ። ፖላንድ ይባስ ብላ በ2012 ከጁን 4 እስከ ጁላይ 1 ከሸንገን ጎረቤቶቿ ጋር ያለውንም ፍተሻ መለሰች። ሰነድ ሲፈረም ከአምስት ዓመት በኋላ ድንበሩ ምን እንደሚመስል ማንም ዋስትና አይሰጥም።

ከተሞችም ይወድቃሉ። ዲኒፕሮፔትሮቭስክ በ2009 ወጥታ ካርኪቭ ገባች። ተጠባባቂ ከተማ የማይዝ ሰነድ ስለዚህ አይጥመኝም። ጎረቤትነትም ቢሆን ግዴታ አይደለም፤ የ2000ውን የአፍሪካ ዋንጫ ያዘጋጁት ጋናና ናይጄሪያ መካከላቸው ቶጎና ቤኒን አሉ።

ወደ 2012 ልመለስና፣ ሩብ ፍጻሜው ምድብ ሀን ከምድብ ለ፣ ምድብ ሐን ከምድብ መ ስላጋጠመ መሻገሩ ግዴታ ሆነ። ሁለቱን የፍጻሜ ተፋላሚዎች ማየት ይበቃል። እስፔን ከፖላንዷ ግዳንስክ ዶኔትስክ ወርዳ ሩብና ግማሽ ፍጻሜውን እዚያው ተጫወተች፤ ፍጻሜውም ዩክሬን ውስጥ ነው። ጣሊያን በጁን 24 ኪየቭ ላይ እንግሊዝን በፍጹም ቅጣት ምት አሸነፈች፤ በ28 ዋርሶ ላይ ጀርመንን ጣለች፤ በጁላይ 1 እንደገና ኪየቭ። እስፔንም ግማሽ ፍጻሜዋን 120 ደቂቃ ሮጣ ነው ያለፈችው፤ ስለዚህ ጣሊያን በፍጻሜው 4 ለ 0 የተሸነፈችው በጉዞ ድካም ነው አልልም። ግን እስፔን ግማሽ ፍጻሜውን የጨረሰችው በ27 ነበር፤ አንድ ቀን ቀድማ፣ በሁለቱ የጨዋታ ከተሞቿ መካከልም ድንበር ሳይኖር።