በሁለት ቴሌቪዥን መካከል

ሰኞ፣ ግንቦት 15 ቀን 2014 ዓ.ም.

ድምፄ ተዘግቷል። ጠዋት ሥራ ቦታ ሰላም ስል የሰማኝ ሁሉ «ጉንፋን ያዘህ እንዴ?» ይለኛል። ጉንፋን አይደለም። ትናንት ማንቸስተር ሲቲ የእንግሊዝ ፕሪምየር ሊግን ዋንጫ በላ። ሳይጠፋብኝ ልጻፈው ብዬ ምሳዬን ትቼ ተቀምጫለሁ።

ሲቲን እንደምደግፍ የሚያውቅ ሰው ሁሉ «አንተማ ምን አለብህ» ይለኛል። ልክ ነው፣ በ5 ዓመት ውስጥ 4ኛ የሊግ ዋንጫችን ነው። ግን እኔ ከጨዋታ በፊት እንቅልፍ የማጣ ሰው ነኝ። ጭንቀቴ ከሌላው ደጋፊ ይለያል። ሌላው ተጋጣሚውን ይፈራል፤ እገሌ የሚባለውን አጥቂ፣ እገሌ የሚባለውን ሜዳ። እኔ የምፈራው የራሳችንን አጨዋወት ነው። ኳሱ ሙሉ ቀን እኛ ጋር ይውላል። ተከላካዮቻችን መሀል ሜዳ ድረስ ወጥተው ይቆማሉ። ከዚያ አንዲት ረጅም ኳስ ከኋላቸው ትወድቃለች፣ አለቀ።

ይህ ፍርሃት ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ሚያዝያ 26 ማድሪድ ላይ ከሪያል ማድሪድ ጋር እስከ 89ኛው ደቂቃ ድረስ በደርሶ መልስ ድምር 5ለ3 እየመራን ነበር። የእነሱ ሮድሪጎ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሁለት አገባ። በጭማሪ ሰዓት ቤንዜማ ፍጹም ቅጣት ምት መታ፣ 6ለ5 ተሸንፈን ከቻምፒየንስ ሊግ ወጣን። ያን ሌሊት ከዲኤስቲቪ ቤት ወጥቼ ቤቴ እስክደርስ ከማንም ጋር አላወራሁም። ከሳምንት በፊት ደግሞ ዌስትሃም ሜዳ ላይ ቦውን ሁለት ጊዜ ከኋላችን ሮጦ ሁለት አገባብን። እንደ ምንም 2ለ2 አደረግነው። ከዚያ 86ኛው ደቂቃ ላይ ማህሬዝ የመታውን ፍጹም ቅጣት ምት በረኛቸው ፋቢያንስኪ ያዘበት። ያቺ ኳስ ብትገባ ኖሮ ትናንትን በሰላም እናየው ነበር።

እናም ትናንት ማለዳ ተነስቼ ወረቀት ላይ አሰላለፉን ስሥል ነበር። የሊጉ የመጨረሻው ቀን። እኛ 90 ነጥብ፣ ሊቨርፑል 89። እኛ ከአስቶንቪላ፣ እነሱ ከዎልቭስ፣ ሁለቱም በአንድ ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር ምሽት 12 ሰዓት ላይ።

የሰፈራችን ዲኤስቲቪ ቤት ሁለት ቴሌቪዥን አለው። በግራ በኩል ያለው ለሲቲ፣ በቀኝ ያለው ለሊቨርፑል ተደረገ። ታናሽ ወንድሜ የሊቨርፑል ነው፣ ስለዚህ በሩ ላይ ተለያየን። «በርታ» አለኝ። «አንተም» አልኩት። ከልባችን ነበር። ይህ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ቡድኑን እንዴት እንደተከተለ አውቃለሁ።

አሰላለፉ ሲወጣ ቅር አለኝ። ስቶንስ በቀኝ መስመር ተከላካይ ሆኗል። መሀል ላይ ከላፖርት ጋር የቆመው ፈርናንዲንሆ ነው፣ 37 ዓመቱ ነው። ፈርናንዲንሆን እወደዋለሁ። ከ2013 ጀምሮ የዚህ ቡድን አከርካሪ ነበር፣ ትናንት ደግሞ የስንብት ቀኑ ነው። ግን ፈጣኑ የቪላ አጥቂ ዋትኪንስ በሰፊ ሜዳ ላይ ሲያሯሩጠው ማየት አልፈለግኩም።

ሌላው ጭንቀቴ የቆየ ነው። እውነተኛ 9 ቁጥር፣ ማለትም የፊት አጥቂ፣ የለንም። አጉዌሮ ከሄደ ወዲህ ሣጥን ውስጥ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ጠፍቷል። ኳሱ ዙሪያውን ይዞራል፣ ይዞራል፣ ሲሻገር ግን የሚገጨው የለም። አጥቂው ሃላንድ እንደሚመጣ ክለቡ ከተናገረ ሁለት ሳምንት ሊሞላው ነው፤ እሱ ግን ለሚቀጥለው ዓመት ነው። ትናንት በግብ ፊት ለፊት የነበረው ጄሱስ ነው። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ይሮጣል፣ ይጫናል፣ ግን ሣጥን ውስጥ አይቀመጥም።

በ3ኛው ደቂቃ ከቀኝ በኩል «ኡ!» የሚል ድምፅ ሰማን። ዎልቭስ አግብቷል። እኛ ጋ ተጨበጨበ። በ24ኛው ማኔ አቻ አደረገ፣ የቀኙ ወገን ተነሳ። ሁለቱንም ስክሪን ማየት አይቻልም ነበር፤ ሌላኛውን ጨዋታ በጆሮ ነው የተከታተልነው።

37ኛው ደቂቃ። የቪላው ዲኜ ከግራ መስመር አሻገረ። ካሽ ከወዲያኛው በኩል ገብቶ በጭንቅላቱ ገጨው። ካንሴሎ ዘግይቶበታል። ካሽ እኮ የመስመር ተከላካይ ነው! የእነሱ ተከላካይ እኛ ሣጥን ውስጥ ሲገኝ የእኛ አጥቂ እነሱ ሣጥን ውስጥ የለም። ይህን ጮክ ብዬ ተናገርኩት፣ አጠገቤ የነበሩት ሰዎች ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከእረፍት መልስ ፈርናንዲንሆ ወጣ፣ ዚንቼንኮ ገባ። ከፋኝ። በመጨረሻ ጨዋታው እረፍት ላይ መውጣት ለእሱ አይገባውም ብዬ አሰብኩ። ደግሞ አንድ ጎል እያስፈለገን ተከላካይ በተከላካይ መቀየር አልገባኝም። 56ኛው ላይ ማህሬዝ ወጣ፣ ስተርሊንግ ገባ። 68ኛው ላይ በርናርዶ ወጣ፣ ጉንዶጋን ገባ። ሦስቱም ቅያሪ አለቀ። ከዚህ በኋላ አሠልጣኛችን ጋርዲዮላ እጁ ላይ ምንም የለም።

ወዲያው ደግሞ ያ የምፈራው ነገር መጣ። የቪላ በረኛ ኦልሰን ረጅም ኳስ መታ። ዋትኪንስ በጭንቅላቱ አሳለፈ። ኮቲንሆ ተቆጣጥሮ ላፖርትን አለፈና መታ። 0ለ2።

ቤቱ ተናወጠ። ኮቲንሆ የቀድሞ የሊቨርፑል ልጅ ነው። የቪላ አሠልጣኝ ደግሞ ጄራርድ ነው፣ የሊቨርፑል የቀድሞ አምበል። ከቀኝ በኩል አንዱ «እግዜር ራሱ ጽፎታል!» ብሎ ጮኸ። እኔ ጭንቅላቴን ይዤ ተቀመጥኩ። በዚያች ሰዓት በግብ ክፍያ እኛው ነበርን የምንመራው፣ ሊቨርፑል 1ለ1 ስለነበር። አንዲት ጎል ብቻ ነው የምትቀራቸው። ስለዚህ የራሴን ስክሪን ትቼ የቀኙን ወገን ጀርባ ማየት ጀመርኩ። እነዚያ ጀርባዎች አንድ ላይ ከተነሱ ዓመቱ አለቀ።

አልተነሱም።

76ኛው ደቂቃ። ስተርሊንግ ከቀኝ አሻገረ፣ ጉንዶጋን ከወዲያኛው በኩል ገጨ። 1ለ2። 78ኛው። ዚንቼንኮ በግራ ገብቶ ወደኋላ መለሳት፣ ሮድሪ ከሣጥኑ ጫፍ መሬት ለመሬት ሰደዳት። 2ለ2። 81ኛው። ደ ብሩይነ በግብ ፊት አሳለፋት፣ ማን ቆሞ ይጠብቃል? ጉንዶጋን! 3ለ2። ስድስት ደቂቃ እንኳ አልሞላም። ማንን እንዳቀፍኩ አላውቅም። ወንበር ሲወድቅ ሰምቻለሁ። የቤቱ ባለቤት ጋሼ «ቀስ ልጆች፣ ቀስ!» ይላሉ፣ ግን እሳቸውም ቆመዋል።

ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ሦስቱን ጎል ደጋግሜ አሰብኳቸው። አንዱን ስተርሊንግ አቀበለ። አንዱን ዚንቼንኮ አቀበለ። ሁለቱን ጉንዶጋን አገባ። እኔ ያልገባኝ ቅያሪ ሁሉ ሥራ ሠርቷል። ዚንቼንኮ ሲገባ ካንሴሎ ወደ ቀኝ፣ ስቶንስ ወደ መሀል ሄደ። በግራ በኩል የግራ እግር ተጫዋች አገኘን፣ ኳሱን ወደ ውስጥ ሳይቆርጥ በመስመሩ ይዞ የሚዘልቅ። ጉንዶጋን ደግሞ 9 ቁጥር አይደለም፣ ግን ኳስ የት እንደምትወድቅ ያውቃል። ዘግይቶ ነው የሚደርሰው፣ ስለዚህ ማንም አይይዘውም። እኔ ዓመቱን ሙሉ «ሣጥን ውስጥ ሰው የለም» እያልኩ ስጨነቅ ሰውዬው ተጠባባቂ ወንበር ላይ ነበር።

ይህን ስጽፍ ግን ጭንቀቱ አልለቀቀኝም። የኮቲንሆን ጎል በአእምሮዬ አላጠፋሁትም። የበረኛ ረጅም ኳስ፣ አንድ ግጭት፣ አንድ ሩጫ። ማድሪድም ዌስትሃምም ቪላም ያዩት ቀዳዳ ያው ነው። ሃላንድ መጥቶ ፊት ላይ 30 ጎል ቢያገባ እንኳ ያን ቀዳዳ አይደፍነውም። ደግሞ እሱ ኳስ ፊቱ ላይ ሰፊ ሜዳ ሲያገኝ ነው የሚያምርበት፣ እኛ ደግሞ ባላጋራን ግቡ ሥር አጭቀን ነው የምንጫወተው። እንዴት እንደሚገጥሙ ከአሁኑ እያሰብኩ ነው።

ወደ ጨዋታው ልመለስ። 84ኛው ላይ የሊቨርፑሉ ሳላህ አገባ። ከቀኝ በኩል ጩኸት ተነስቶ ወዲያው ረገበ፣ አንዱ የእኛን ውጤት ነገራቸው። በ89ኛው ሮበርትሰን ሦስተኛውን አገባ፣ ያኔ ግን የተነሳ አልነበረም። 93 ለ92። በአንድ ነጥብ። ወንድሜን በሰዎቹ መሀል አየሁት፣ እጁን ኪሱ ከትቶ ስክሪኑን ያያል። ጭፈራዬን አቆምኩ።

ዋንጫው ሲሰጥ ዚንቼንኮ የዩክሬንን ባንዲራ ይዞ ወጣ። ባንዲራውን ዋንጫው ላይ አለበሰውና አለቀሰ። በዚያን ጊዜ ሁለቱም ቴሌቪዥን እኛን ያሳዩ ነበር፣ ሁለቱም ወገን ዝም ብሎ አየው። የሀገሩን የጦርነት ነገር ከየካቲት ጀምሮ ሁላችንም ስንሰማ ነው የከረምነው። ከኋላዬ አንድ ሽማግሌ «አይዞህ ልጄ» አሉት፣ እንደሚሰማቸው ሁሉ።

ከወንድሜ ጋር አብረን ወደ ቤት ሄድን። መንገዱ ጨለማ ነው፣ መብራት ሄዷል። ግማሽ መንገድ ድረስ አልተናገረም። ከዚያ «ያ ጉንዶጋን ግን...» አለ። «አዎ» አልኩት። እማዬ በር ስትከፍት ፊታችንን በሻማ አየችና ማን እንዳሸነፈ ሳትጠይቅ መጀመሪያ ለእሱ እራት አቀረበችለት።