አራቱ እግሮች

ሰሞኑን ልቤ አንድ ቦታ አልረጋ ብሏል። እሁድ ጠዋት ቤት መዋል ስለከበደኝ ፓሪስ ጫፍ ላይ ወዳለው የሳንቱዋን አሮጌ ዕቃ ገበያ ወጣሁ። የምገዛው ነገር አልነበረም። ሰው መሀል መሆን ፈልጌ ነው።

አንድ ሱቅ ደጃፍ ላይ ትንሽ የኦክ ጠረጴዛ ተገልብጣ ቆማለች። ሻጩ የእ.ኤ.አ. 1940ዎቹ መጨረሻ ሥራ ናት አለኝ። እግሮቿ በቶርኖ፣ እንጨቱን እያሽከረከሩ በሚቀርጹበት መሣሪያ፣ የወጡ ናቸው፤ ከላይ እስከ ታች እንደ መቁጠሪያ ድብልብል ያሉ። የእያንዳንዱ እግር ጫፍ ላይ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ አለች። እንጨቱን ቶርኖው ላይ ወጥሮ የያዘው ሹል ብረት የተዋት ናት። ጣቴን እዚያች ቀዳዳ ላይ አድርጌ ቆየሁ።

ክብ ሆኖ የተሠራ እግር ክብ ሆኖ አይቀርም። እንጨት ሲደርቅ ርዝመቱ ብዙም አይቀንስም። ውፍረቱ ግን ይሰበሰባል፤ ያውም በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይደለም። በዕድሜ ቀለበቶቹ ዙሪያ የሚሰበሰበው ከመሀል ወደ ውጭ ከሚሰበሰበው እጥፍ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ዓመታት ሲያልፉ እግሩ ሞላላ እየሆነ ይመጣል። ዓይን ላያየው ይችላል፣ መዳፍ ግን ያውቀዋል። ይህን ነገር በጣም ነው የምወደው።

በዚያው ሰሞን፣ በእ.ኤ.አ. 1950ዎቹ፣ ፈረንሳዊቷ የቤት ዕቃ ንድፍ አውጪ ሻርሎት ፔሪያን ዝቅ ያለች ባለ ሦስት እግር በርጩማ ሠርታለች። መነሻዋ የአልፕስ እረኞች ላም ሲያልቡ የሚቀመጡባት በርጩማ ናት። ሦስት እግር ወለሉ ቢጎረብጥም አይንገዳገድም። ፔሪያንን አከብራታለሁ፤ የእረኛን ዕቃ ንቃ አላለፈችም። ዛሬ የእሷ ስም ያለበት በርጩማ ዋጋው አይቀመስም። የእረኛውን በርጩማ የሠራው ሰው ግን ስሙ የት ገባ? የዚህችስ ጠረጴዛ ሠሪ? ፎርማይካ የሚባለው ለስላሳ የፕላስቲክ ልባጥ ሲመጣ ብዙ የፈረንሳይ ቤተሰብ እንዲህ ያለውን ዕቃ ጣሪያ ሥር ወርውሮታል። በጨርቅ ጠረግ ሲያደርጉት የሚጸዳ ነገር ተገኘ፤ የድብልብሎቹን መሀል አቧራ ማን ይልቀም! አልፈርድባቸውም። ግን ያሳዝነኛል።

ፎቶ አንስቼ መጣሁ። እኩለ ሌሊት አልፏል፣ አሁንም እያየሁት ነው። በማሽን የተቀዱ ቢሆኑ አራቱ እግሮች አንድ ዓይነት ይሆኑ ነበር። ሠሪው ግን መጀመሪያ አንዱን አውጥቷል። ከዚያ ልኩን በካሊፐር፣ በውፍረት መለኪያው፣ እየወሰደ፣ መሮውን እየሳለ ሌሎቹን ቀጥሏል። አንደኛው እግር ላይ ከላይ ሦስተኛዋ ድብልብል ከእኩዮቿ ወፈር ትላለች። የመጨረሻው እግር ሆኖ ደክሞት ይሆን? ወይስ ይህ የመጀመሪያው ነው፣ በሌሎቹ ላይ እጁ ተፍታቶ? ወይስ ሆነ ብሎ ነው የተዋት?