ጋሼና የአውሮፕላን ዕቃ ቁጥር
ዛሬ ደብረ ብርሃን ዘመድ ጥየቃ ሄጄ ነበር። ብርዱ ለጉድ ነው! አጎቴ ስለ ሥራዬ ጠየቁኝ፤ የአውሮፕላን ጥገና ማለት መፍቻ ይዞ ሞተር ስር መግባት ይመስላቸዋል። ጋሼ፣ ግማሹ ሥራ እኮ ቁጥር መፈለግ ነው አልኳቸው።

በየወንበሩ ስር ያለው ላይፍ ጃኬት (ውሃ ላይ የሚያንሳፍፈው) ለምሳሌ የማብቂያ ቀን አለው። እሱን ለማየት ጎንበስ ቀና እያሉ ወንበር በወንበር መሄድ ነው። ወገብ ይቆርጣል። አርኤፍአይዲ ታግ፣ ማለትም ቁጥሩን በሬዲዮ ሞገድ የሚያስነብብ ትንሽ መለያ፣ ካለው ግን ማንበቢያውን ይዞ በመተላለፊያው ማለፍ ይበቃል። ታጉ ባትሪ የለውም፤ ከማንበቢያው የሚመጣው የሬዲዮ ሞገድ ራሱ ኃይል ይሆነውና መረጃውን ይመልሳል።

"የመንዝ በግ ጆሮ ላይ እንደሚደረገው ቁጥር በለኛ!" አሉ። ልክ ናቸው፤ ልዩነቱ እዚህ በጉን ማባረር የለም።

አስቸጋሪው ብረት ነው። ሞገዱን ስለሚያዛባ ተራ ታግ ብረት ላይ ሲለጠፍ ጭጭ ይላል። ለብረት ተብሎ የተሠራ ያስፈልጋል። ደግሞ ታጉ ጃኬቱ መኖሩን እንጂ መቀደዱን አይናገርም። ስለዚህ ዓይንን የሚተካ ነገር ነው የሚሉትን አልሰማም።

ጋሼ ግን ሐሳባቸው ሌላ ጋ ነበር፦ "ለበጎቼ አንዱ ስንት ያወጣል?"