ኤውሪክሌያን በአማርኛ ማናገር

የግሪክ አፈ ታሪክ ሞግዚቶችን ሰብስቤ ለአማርኛ አንባቢ ላቀርብ ስነሣ ሥራው የስም ዝርዝር መስሎኝ ነበር። በደብተሬ ገጾች ራስጌ «የኦዲሴውስ ሞግዚት»፣ «የኦሬስቴስ ሞግዚት»፣ «የፋይድራ ሞግዚት» እያልኩ ጻፍኩ። ሁለት ሳምንት ሠርቼ ሳነበው ሴቶቹ ሁሉ አንድ ሆነውብኛል። ያሳደጓቸው ልጆች ስም ቢወጣ ከገጹ ላይ የሚቀር ነገር አልነበረም።

ዝርዝሩን ትቼ አንድ ጥያቄ ይዤ እንደገና ጀመርኩ፦ ይህች ሴት በእጇ የምትሠራው ምንድን ነው? ያን ጊዜ ገጾቹ መሙላት ጀመሩ። አይስኪሎስ በ458 ከክርስቶስ ልደት በፊት ባሳየው ተውኔት የኦሬስቴስ ሞግዚት ኪሊሳ ትባላለች፤ ትርጉሙ «የኪልቅያ ሴት» ነው፤ የሐዋርያው ጳውሎስ አገር። የተጠራችው በመጣችበት ምድር ነው። ኦሬስቴስ ሞተ የሚል የሐሰት ወሬ ሲደርስ እርሷ የምታነሣው የልዑሉን ክብር አይደለም፤ ሌሊት እየጮኸ ያስነሣት እንደነበርና የሽንት ጨርቁን ማጠቧን ነው። በነገሥታት ደም በተሞላ ተውኔት ውስጥ ይህን የምትናገር እርሷ ብቻ ናት። ኦሬስቴስ የአባቱን ደም ሊበቀለው የሚፈልገው ኤጊስቶስ ያለ ጠባቂ እንዲመጣ መልእክቱን የለወጠችውም እርሷው ናት።

የፋይድራን ሞግዚት በአጭሩ አልፌያታለሁ፤ እመቤቷ የእንጀራ ልጇን አፍቅራ ነበር፤ ሞግዚቷ ላድናት ብላ ምሥጢሩን አወጣች፣ ቤቱም ፈረሰ። ልቤ የቀረው በሆሜር ግጥም በኦዲሲ ላይ፣ የኦዲሴውስ ሞግዚት ኤውሪክሌያ ዘንድ ነው።

ላኤርቴስ በልጅነቷ በ20 በሬ ዋጋ ገዛት። ልጁን ኦዲሴውስን አጠባች፤ የልጅ ልጁን ቴሌማኮስን አሳደገች። ኦዲሴውስ ለጦርነት ከቤቱ ከወጣ ከ20 ዓመት በኋላ ለማኝ መስሎ ሲመለስ እግሩን እንድታጥብ የታዘዘችው እርሷ ናት። ይህን ክፍል ከእንግሊዝኛ ትርጉሞች እያመሳከርኩ ስመልስ የመጀመሪያው ረቂቄ «አሮጊቷ ነርስ» ይል ነበር። እንግሊዝኛው ለሐኪም ቤቷም ለልጅ አሳዳጊዋም አንድ ቃል ስላለው ተሳሳትኩ። «ሞግዚት» ስል የሴትዮዋ ፊት ታየኝ።

ከዚያ የበለጠ ያስቸገረኝ አጠራሩ ነው። በጥንቱ ግሪክኛ ለንጉሥም ለለማኝም «አንተ» አንድ ነው። አማርኛ ግን ዝም ብሎ አያሳልፍም። እግሩን ከማጠቧ በፊት እንግዳው ሽማግሌ ነውና «በቁመና፣ በድምፅና በእግር እንደ አንቱ ኦዲሴውስን የሚመስል አላየሁም» አስባልኳት። ከዚያ እጇ የዱር አሳማ በፓርናሶስ ተራራ ላይ ያቆሰለውን ጠባሳ ነካ። እግሩ ከእጇ አምልጦ ሳፋው ላይ ወደቀ፤ ነሐሱ ጮኸ፤ ውሃው ፈሰሰ። «ኦዲሴውስ ነህ አንተ፣ ልጄ!» ከ«አንቱ» ወደ «አንተ» የአንድ ፊደል ርቀት ነው፤ ያን ርቀት ያሻገራት ጣቷ ነው። ይህን ሳገኝ ብድግ ብዬ በክፍሌ ውስጥ ተመላለስኩ።

ኦዲሴውስ ወዲያው ጉሮሮዋን ያዛት። «እማማ፣ ለምን ልታጠፊኝ ትፈልጊያለሽ? በጡትሽ ያሳደግሽኝ አንቺ አይደለሽም?» ብታወጣው እንደማይምራትም ዛተባት። «አንቺ» በእኛ ለእናትም ለገረድም ይባላል፤ እዚህ ሁለቱንም ሆኖ እንዲሰማ ተውኩት።

በዚህ ሥራ የተማርኩት ትልቁ ነገር ግን የመጣው በመጨረሻ ነው። የተረሳች ሴት ሳገኝ ንጹሕ ላደርጋት እቸኩል ነበር። ኤውሪክሌያ አልፈቀደችልኝም። ሚስቱን ለማግባት ቤቱን የሞሉት ሰዎች ከተገደሉ በኋላ ከ50ዎቹ ገረዶች 12ቱ ከእነርሱ ጋር እንደ ተኙ ለጌታዋ የነገረችው እርሷ ናት። ሬሳዎቹን አሸከሟቸው፣ ወንበሮቹንና ጠረጴዛዎቹን አሳጠቧቸው፣ ከዚያም ሰቀሏቸው። እርሷም እንደ እነርሱ ባሪያ ነበረች። ረቂቄ ላይ ይህን ክፍል በሁለት መስመር አልፌው ነበር፤ ደምስሼ ሙሉውን መለስኩት። አሁን በደብተሬ ከኤውሪክሌያ ገጽ ቀጥሎ ያለው ገጽ የእነዚያ ሴቶች ነው። ሆሜር የአብዛኞቹን ስም ስላልነገረን ራስጌው ላይ «12ቱ» ብዬ ጽፌያለሁ፤ ከሥሩ የመጀመሪያው መስመር «ወንበሮቹን አጠቡ» ይላል።