ራሴ መጸለይ ባልቻልኩበት ጊዜ

የእግዚአብሔር ስም ይባረክ። ይህን ምስክርነት ለመስጠት ከፈለግሁ ቆይቷል። ያዘገየኝ አብዛኛውን ነገር እኔ ራሴ አለማስታወሴ ነው። የምነግራችሁ እማዬና ታላቅ እህቴ ያዩትን ነው። እነሱ ያወሩኝንና የሕክምና ወረቀቶቼ ላይ ያለውን አንድ ላይ አድርጌዋለሁ።

መጀመሪያ ራስ ምታትና ትኩሳት ነበር። ጉንፋን መስሎኝ ተኛሁ፤ ይህን አስታውሳለሁ። ከዚያ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ከዚያ በኋላ ያለው ለእኔ ባዶ ነው። እህቴ እንደምትለው በጥቂት ቀናት ውስጥ ሌላ ሰው ሆንኩ። «ሊገድሉኝ ነው» እያልኩ እጮህ ነበር። ማንም በሌለበት አንድ ሰው ያናግረኛል እል ነበር። እማዬን «አንቺ እናቴ አይደለሽም» ብያታለሁ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ዛሬም አንጀቴ ይንሰፈሰፋል።

የመጀመሪያው ሐኪም የአእምሮ ሕመም ነው ብሎ መድኃኒት አዘዘልኝ። አልፈርድበትም፤ ያየው ምልክት ያንኑ ይመስላል። ግን ባሰብኝ። አፌ ያለ ማቋረጥ መንቀሳቀስ ጀመረ። ምንም ሳልበላ አኝካለሁ፣ ምላሴን አወጣለሁ፣ ጥርሴን አፋጫለሁ። አንድ ሌሊት ጣለኝ፤ ሰውነቴ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ንግግሬ ጠፋ። ዓይኔ ክፍት ነው፣ ሰው ግን አላይም።

በዚህ መሃል «ይህ መንፈስ ነው፣ ሆስፒታል ምን ያደርግላታል» የሚሉ መጡ። ቤተሰቡ እምነት ስለጎደለው ነው ያሉም ነበሩ። እባካችሁ፣ በታማሚ አልጋ አጠገብ እንዲህ አትበሉ። የደከመ ቤተሰብን ይሰብራል። እማዬ ከማንም ጋር አልተከራከረችም። ተንበርክካ የጸለየችውን እህቴ ጽፋ አስቀምጣዋለች፦ «ጌታ ሆይ፣ ምን እንደያዛት አንተ ታውቃለህ። የሚያውቅ ሰው ላክልን።»

የሚያውቅ ሰው መጣ። ያን ቀን ተረኛ የነበረች የነርቭ ሐኪም ናት። ኤምአርአይ ተነስቼ ምንም የለም ተብሎ ነበር። እሷ ግን የአፌን እንቅስቃሴ አይታ አላለፈችም። የኤምአርአዩ ንጹሕ መሆንም አላዘናጋትም፤ በዚህ በሽታ ብዙ ታማሚዎች ላይ ምስሉ ምንም አያሳይም። ከጀርባዬ ፈሳሽ አስወስዳ ላከች። ውጤቱ ሲመጣ የበሽታው ስም ታወቀ፦ ፀረ ኤንኤምዲኤ ሪሴፕተር ኢንሰፋላይቲስ፣ ማለትም የበሽታ መከላከያችን ራሱ የሚያመጣው የአንጎል ብግነት።

እዚህ ላይ ትንሽ ላስረዳ። እግዚአብሔር ከምን እንዳወጣኝ የገባኝ ይህን ሳውቅ ነውና።

አንጎላችን ውስጥ 86 ቢሊዮን ያህል የነርቭ ሴሎች፣ ማለትም ኒውሮኖች አሉ። አንዱ ለሌላው መልእክት የሚያደርሰው ብዙውን ጊዜ በመካከላቸው ባለች እጅግ ጠባብ ክፍተት ውስጥ ኬሚካል በመልቀቅ ነው። ከእነዚህ ኬሚካሎች ዋነኛው ግሉታሜት ይባላል። በተቀባዩ ኒውሮን ገጽ ላይ ደግሞ ግሉታሜትን የሚቀበሉ ሪሴፕተሮች አሉ። ኤንኤምዲኤ አንዱ ነው። ለመማርና ለማስታወስ የግድ ያስፈልገናል። ኬታሚን የተባለው ማደንዘዣ በዋናነት የሚሠራው ይህንኑ ሪሴፕተር በመዝጋት ነው። ኬታሚን የተሰጠው ሰው ከሰውነቱ የወጣ የሚመስለውና የሌለ ነገር የሚያየው ለዚህ ነው።

የእኔ የበሽታ መከላከያ ይህን ሪሴፕተር እንደ ጠላት ቆጥሮ አንቲቦዲ፣ ማለትም ጠላትን የሚዋጋበትን ፕሮቲን፣ ሠራበት። አንቲቦዲው ሲጣበቅበት ኒውሮኑ ሪሴፕተሩን ከገጹ ላይ ስቦ ወደ ውስጥ ያስገባዋል። መልእክቱ ይላካል፤ በበቂ የሚቀበለው ግን የለም። ሐሳብና ስሜት ይዛባል። ማስታወስ፣ ንግግር፣ እንቅስቃሴ ይከተላሉ። ሲብስ መተንፈስና የልብ ምት ሳይቀሩ ይታወካሉ። እኔም ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገብቼ በመሣሪያ ተንፍሻለሁ።

ሐኪሟ ይህን ስታስረዳኝ ያለቀስኩት ቀጥሎ ባለው ነገር ነው። ኒውሮኑ በአብዛኛው አይሞትም። አንቲቦዲው ሲነሳለት ሪሴፕተሮቹ ተመልሰው ገጹ ላይ ይወጣሉ። ተመራማሪዎች ይህን በቤተ ሙከራ አይተውታል። ሰዎች እማዬን «እንግዲህ ተስፋ ቁረጪ፣ ልጅሽ የለችም» ሲሏት «አለች» ትል ነበር። ስለ ሪሴፕተር አንድም ነገር ሳታውቅ ልክ ነበረች።

በሽታው ምን እንደሆነ የታወቀው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2007 ነው። ጆሴፕ ዳልማው የተባሉ የነርቭ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ቴራቶማ የሚባል እጢ በነበረባቸው 12 ሴቶች ላይ አገኙት። እጢው ውስጥ የነርቭ ሕብረ ሕዋስ ሊኖር ይችላል። ሰውነት ያንን ልዋጋ ሲል የገዛ አንጎሉን ይመታል። እጢ የሌለባቸውም፣ ሕፃናትም ወንዶችም ይያዛሉ። የእኔ ኦቫሪዬ (የእንቁላል ማመንጫዬ) ላይ ተገኘ፤ በቀዶ ሕክምና ወጣ። የበሽታ መከላከያውን የሚያረጋጉ ስቴሮይድና ኢሚዩኖግሎቡሊን የሚባሉ መድኃኒቶች ተሰጡኝ፤ ያ አልበቃ ሲል ሪቱክሲማብ የሚባል ሌላ መድኃኒት ተጨመረ። ከ2007 በፊት የታመሙትን ብዙ ጊዜ አስባለሁ። ስንቶቹ ምን እንደያዛቸው ሳይታወቅ አለፉ? በዘመኔ ይህ እውቀት መኖሩ ራሱ ለእኔ የጸሎት መልስ ነው።

መዳኑ ግን ቀስ እያለ መጣ። ሐኪሟ አስቀድማ ለቤተሰቤ ነግራቸው ነበር፦ በሽታው በመጣበት መንገድ ወደ ኋላ ይመለሳል። እውነትም መጀመሪያ ያለ መሣሪያ ተነፈስኩ። ከዚያ ዓይኔ ሰው መከተል ጀመረ። ከዚያ «እጄን ጨብጪ» ስባል ጨበጥኩ። ቃላት መጡ። ከዚያ እንደገና መጮህና መጠራጠር ጀመርኩ። ያላወቀ «አገረሸባት» ባለ ነበር። እማዬ ግን «እየተመለሰች ነው፣ በሄደችበት መንገድ ነው የምትመጣው» ብላ አመሰገነች። ለዚያች ምስጋና ስል ነው ይህን ሁሉ የምጽፈው።

ያ ጊዜ ወደ ትዝታዬ አልተመለሰም፤ አይመለስምም። ትዝታን የሚቀርጸው ሪሴፕተር ራሱ ነበር የታመመው። ያኔ «ጌታ ሆይ» ማለት አልችልም ነበር። እምነት ነበረኝ እንኳ ልል አልችልም። ወንጌል ላይ አራት ሰዎች ሽባውን ተሸክመው፣ ጣሪያ ነድለው ወደ ኢየሱስ ያወረዱትን ታሪክ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እኔ ያ አልጋ ላይ የተኛው ሰው ነኝ። እማዬ፣ እህቴ፣ ተራ ገብተው የጸለዩልኝ ወዳጆች፣ ያቺ ሐኪም ተሸከሙኝ። «ያዳነሽ ጸሎት ነው ወይስ ሕክምና?» ለሚሉኝ መልሴ አንድ ነው፤ እማዬ የለመነችው የሚያውቅ ሰው ነበር፣ እሱም ተላከ።

አሁን ሥራ ገብቻለሁ። ቶሎ ይደክመኛል፣ አንዳንዴ ቃል ይጠፋብኛል። በሽታው በአንዳንድ ሰው ላይ ስለሚመለስ ክትትሌን አላቋረጥኩም።

የምትወዱት ሰው በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ጠባዩ ከተለወጠ፣ በዚያ ላይ የሚጥል ነገር፣ የአፍ እንቅስቃሴ ወይም የንግግር መጥፋት ከመጣ፣ ጸልዩለት፤ ዛሬውኑም የነርቭ ሐኪም እንዲያየው ጠይቁ። የጀርባ ፈሳሽ ምርመራ ያስፈልገው እንደሆነም አንሡ። ሕክምናው ቶሎ ሲጀመር የመዳን ዕድሉ ይሰፋል።

በዚሁ በሽታ የተያዘች አንዲት ወጣት አለች። እናቷ ለእማዬ ትደውላለች። ልጅቷ ያለ መሣሪያ መተንፈስ ጀምራለች፣ ገና አላወራችም። እባካችሁ በጸሎታችሁ አስቧት።